ኪኒን የተባለው ቢራችን

«ምን ምን ይላል?»

ለዚህች ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ሌላ ሰው መልስ ባይኖረው ኑሮው አይጓደልበትም፤ አናጢን ማንም «ይህ ወንበር ምን ምን ይላል?» ብሎ አያፋጥጠውም። የእኔ እንጀራ ግን ይህችን ጥያቄ መመለስ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት፣ የማሽላ ቢራ ይጠመቃል። እኔ የዚያ ቢራ ቀማሽ ነበርኩ። ቀማሽ ሲባል ጠጪ እንዳይመስላችሁ። ጠጪ እየዘፈነ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቀማሽ ግን የጎደለውን እያሰበች፣ ተክዛ ነው የምትገባው።

ቤቲቱን «ፋብሪካው» እንላታለን። ቃሉ እንደሚሰፋት አውቃለሁ፤ የአባቱን ኮት የለበሰ ሕፃን ያስመስላታል። ግን እትዬ ደብሬ «ጠላ ቤት» ብሎ የጠራባቸውን ሰው ሰላምታ ይነሱታል። የፋብሪካው ባለቤት እሳቸው ናቸው። ኮኪት በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ጠላ ሲጠምቁ ነው ያረጁት፤ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ ከሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግማሹ «እናታለም» እያለ ነው የሚጠራቸው። ባላቸው ሲሞቱ፣ ልጆቻቸውም ሲበታተኑ፣ ቁጭ ብለው አሰቡና «እንግዲህ ከመሞቴ በፊት ጠላዬ ቆርኪ ይድፋ» አሉ። ፋብሪካው እንዲህ ተወለደ።

ሦስተኛው ሰው አያ ሞላ ነው። መተማ ዮሐንስ፣ ጉምሩኩ አጠገብ፣ የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ደህናው መኪና ይቅርና የተበላሸውም መምጣት ተወ። ሥራ ሲፈታ፣ ከየት እንዳመጣው የማይናገረውን የወተት ማጠራቀሚያ በርሜል በየደው፤ ቧንቧ ቀጠለለት፤ ሥሩ ምድጃ አበጀለትና «በሉ፣ ጥመቁ» አለን። በርሜሉ ሲፈላ፣ ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። አያ ሞላ ያን ድምፅ ሲሰማ ድሮው ትዝ እያለው ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ሁለት ቢራ ነበረን። አንዱ ቀላ ያለው፣ «ቀትር» የሚባለው ነው። ሌላው ከተቆላ የማሽላ ብቅል የሚሠራው ጥቁሩ ነው፤ በክረምት ከእግራችን ላይ ጫማ በሚያስወልቀው ጥቁር ጭቃችን ስም «ዋልካ» ብለነዋል። ዋልካን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ደፋሁት፣ ስንት ጊዜ ብቅሉን እንደገና ቆላሁት፤ ስደፋ የመጋዘኑ ዘበኛ ከንፈሩን እየመጠጠ ያየኛል። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀምሼ ዝም አልኩ። እትዬ ደብሬ «ምነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» አልኳቸው። ከአፌ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና ይኸው እንደሆነ ስለሚያውቁ እልል አሉ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ብዙ አልልም። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚቆጥሩበት ዕድሜ ነው። ሰባተኛ ክፍል ስገባ አጠገቧ የተቀመጥኩባት ልጅ ተነሥታ «ወላጅ ከሆኑ ቢሮው በዚያ በኩል ነው» ብላኛለች። ዘግይቼ ስለ ተማርኩ የተማርኩትን ሁሉ አጥብቄ ነው የያዝኩት። የዕድር የሞት ጥሪ ላይ ስም ተሳስቶ ከተጻፈ «ይታረም» ብዬ እመልሳለሁ፤ ሐዘንተኞቹ ይቀየሙኛል። ገበያ ስወጣ በርበሬ ነጋዴዎቹ ከሩቅ አይተውኝ ሚዛናቸውን ይወለውላሉ። እንዲያውም ስሜን ለውጠው «እትዬ ሚዛን» ይሉኛል። እነሱ ለመስደብ ነው፤ እኔ ግን በልቤ ደስ ይለኛል። ከሰው ሳልቆጠር ብዙ ዘመን የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዕቃም ቢሉኝ፣ ትክክለኛ ዕቃ መባሌን ወድጄዋለሁ።

ወደ ቢራው ልመለስ። የጌሾ ነገር በኪሎ ብቻ አያልቅም። አንዱ ጆንያ ቅጠሉ ይበዛል፣ ሌላው እንጨቱ፤ አንዱ የዘንድሮ ነው፣ ሌላው የካቻምና። ስለዚህ መዝኜ ከጨመርኩ በኋላ የቀረችውን ትንሽ ነገር በምላሴ ነበር የማደርሳት። ቢራው ሲደርስ ደግሞ የእትዬ ደብሬ ደንብ አለ፦ ለማንም ከመቀዳቱ በፊት ቀማሿ ሰው ፊት ቆማ መዳፏ ላይ አፍስሳ ትቀምሳለች። በድሮ ጊዜ በየጌታው ቤት አሳላፊው እንዲያ ያደርግ ነበር፤ የቀረበው መጠጥ መርዝ እንደሌለበት በራሱ ሆድ ያረጋግጣል። እትዬ ደብሬ ይህን ከእናታቸው ወርሰው ፋብሪካ አስገቡት። ያን ዕለት አያ ሞላ ሥራውን ያቆማል፣ ዘበኛው ይመጣል፣ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሰው ይወጣል። ሁሉም አፌን ያያሉ። እውጣለሁ። ዝም እላለሁ። «ደህና ነው» እላለሁ። ያኔ ቆርኪው መመታት ይጀምራል። በሕይወቴ ሰው ቆሞ ከአፌ የሚወጣውን የጠበቀበት ሌላ ቦታ የለም።

ነሐሴ ላይ ትኩሳት ጣለኝ። ይህ ወሬ አይደለም፤ በእኛ ቆላ በክረምት ትኩሳት ያልጣለው ሰው ነው ወሬ የሚሆነው። ታከምኩ፣ ዳንኩ፣ ተነሣሁ። የመጀመሪያውን ሻይ ፉት ስል ስኳር የረሱ መሰለኝ። ጨመርኩ። ደገምኩ። ማንኪያዬ ደለል እንደሚዝቅ አካፋ እስኪከብድ ድረስ ጨመርኩ። ሻዩ ውሃ ነበር። የሞቀ ምንም።

ራሴን መፈተን ጀመርኩ። ሽንኩርት ገመጥኩ፤ ዓይኔ አለቀሰ፣ ምላሴ አልሰማም። ሎሚ መጠጥኩ። የላምባ ጀሪካን ከፍቼ አፍንጫዬን ደቀንኩበት። በመጨረሻ ተስፋ ስቆርጥ፣ አያ ሞላ ከምሳ በኋላ ጫማውን አውልቆ ጥላ ሥር ሲያሸልብ ጠበቅኩና፣ ቀስ ብዬ ተንበርክኬ ጫማውን አሸተትኩ። ያ ጫማ በራሪ ወፍ ይጥላል። ምንም። ቀና ስል ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል።

«ምን ጠፋብሽ?»

«መርፌ።»

እስከ ዛሬ ጫማውን ሳያራግፍ አያጠልቅም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አፌን አስከፍታ አየችና «ይመለሳል» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሲመለስ ያውቁታል።»

እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ መልስ አይደለም። ግን ከኋላዬ በትኩሳት የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ የእነሱ ጥርስ እየተንገጫገጨ እኔ ስለ ሻይ ልከራከር አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እትዬ ደብሬ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪም ጠላም ቢራም ከከለከላቸው ቆይቷል፤ ሕይወታቸውን ሙሉ የጠመቁትን ነገር አሁን የሚያውቁት በአፍንጫቸው ብቻ ነው። ለአያ ሞላ ደግሞ የቀረበለት ሁሉ ግሩም ነው። የፍሬን ዘይት ብትሰጡት «ትንሽ ቢቀዘቅዝ ጥሩ ነበር» ይላችኋል። የፋብሪካው ምላስ እኔ ብቻ ነበርኩ። እውነቱን ብናገር ፋብሪካው በማግሥቱ ይዘጋል፤ እትዬ ደብሬ በዚያ ዕድሜያቸው ተመልሰው ኮኪት መንገድ ዳር ጋን ያጥባሉ፤ እኔም ሚዛን መባሌ ይቀራል። የተሰበረ ሚዛን ምን ይሠራል? ከቤት እንኳ አያኖሩትም። ስለዚህ «ነገ ይመለስልኛል» እያልኩ ዝም አልኩ። ዝምታ ተፈጥሮዬ ስለሆነ ማንም አልነቃብኝም። ለፍላፊ ብሆን ኖሮ ይታወቅብኝ ነበር።

ታዲያ በምን ቀመስሽ? በሰው ፊት። መዳፌ ላይ አፍስሼ ከዋጥኩ በኋላ ብርጭቆውን ለአያ ሞላ አቀብለውና ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ የከንፈሩን ዳር እንደ መጽሐፍ አነባለሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ዘነጋሁ። እኛ ሰዎች የቀረበልንን መንቀፍ አናውቅበትም። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንግዳው «ሞቅ ያለ ቤት ነው» ብሎ ይመርቃል እንጂ አይነሣም። በእንዲህ ዓይነት አገር የሰው ፊት ያነበበ ሰው የሚያገኘው ይሉኝታን ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ አዲስ ጆንያ ጌሾ መጣ። ቀትርን ልጠምቅ ነው። እንደ ልማዴ መዘንኩ፣ ጨመርኩ፣ ቀመስኩ። ውሃ። እዚያ ላይ ነበር ማቆም የነበረብኝ። ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ምላሴ ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ቢሆንስ? የተኛን ሰው ቀስ ብለው ጠርተውት ካልሰማ ጮክ ብለው ይጠሩታል። አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ቀመስኩ። ሌላ እፍኝ። በርሜሉ ያቃስታል፤ ቆርቆሮው ከላይ ይነዳል፤ ላቤ በአገጬ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ ከምላሴ ሥር ወደ ኋላ፣ አንዲት ትንሽ ነገር የነካችኝ መሰለኝ። ማንኪያውን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋት። አልተመለሰችም። እሷን ፍለጋ ጆንያው እስኪጎድል ድረስ ጨመርኩ። በሕይወቴ ሳልመዝን ያደረግሁት ነገር ያ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ቢራ አልጠመቅኩም፤ ወጥቶ የቀረ ሰው ስጣራ ነው የዋልኩት።

ቢራው ደረሰ። እትዬ ደብሬ ጎንበስ ብለው አሸተቱትና «ጌሾው በረታ አላለም፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ለሙቀቱ ነው» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። የተማረ ሰው መልስ ስለሚመስል ተቀበሉኝ።

ሰው ቆመ። መዳፌ ላይ አፈሰስኩ፣ ዋጥኩ፣ «ደህና ነው» አልኩ። ብርጭቆውን ለአያ ሞላ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ጎነጨ። ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ በፊት እንዲያ ሲሆን ያየሁት በርሜሉ ድምፅ ሲያሰማ ብቻ ስለነበር ደስታ ነው ብዬ አነበብኩት።

«እንዴት ነው?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። «ወንድ ቢራ ነው» አለ።

ቆርኪው ተመታ።

አያ ሞላ ቢራውን በባጃጁ ጭኖ ኮኪት ወረደ። አጨዳው ጀምሮ ስለነበር እርሻው ሁሉ በደጋ ሰው ተሞልቷል። ብዙም ሳይቆይ ባዶ ሣጥን እያንኳኳ፣ ገና ከመንገድ እየጮኸ ተመለሰ።

«አልቋል! እህቴ፣ አልቋል! ድገሚው! ራሱን! ጠብታ እንዳትቀይሪ!»

«ወደዱት?»

«መውደድ ብቻ! ተሰልፈው ነው የሚጠጡት። እኔ ቢራ በወረፋ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም!»

ከበርሜሉ ጀርባ ሄጄ ትንሽ ቆምኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያ ደስታ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሳልቀምስ የጠመቅሁትን እንዲህ ከወደዱልኝ፣ ዋልካን ስደፋና ስቆላ የከረምኩት ለምንድን ነው? ሚዛን ሳይኖር ሥራው ከሠመረ፣ ሚዛኑ መጀመሪያውኑስ ምን ያደርግ ኖሯል? በዚህ ሐሳብ ላይ እያለሁ አያ ሞላ የቀረውን ጌሾ እየጎተተ መጣ። ደገምኩት። ራሱ ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ?

በጥቅምት አንድ ቀን በቀትር ፀሐይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ፋብሪካው በር ላይ ቆመ። ጎጃሜ መሆኑን ገና አፉን ሲከፍት ነው ያወቅኩት።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሚዛን? ኪኒኑ አለ?»

«የምን ኪኒን?»

«የወባው። ቆርኪ ያለው።»

«እሱ ቢራ ነው፣ ወንድሜ።»

ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱማ ለመንግሥት የሚባል ነው። ለእኛ ደብቀው ምን ያደርጋሉ?»

አስቀመጥኩት። ውሃ ሰጠሁት። ቀስ በቀስ ነገሩን ሁሉ አወጣጣሁት። የአጫጆቹ ካምፕ ውስጥ ቢራዬን «ኪኒን» ብለውታል። ጠዋት ወደ ማሳ ከመውጣታቸው በፊት ካቦው በቡና ሲኒ እየለካ ለእያንዳንዱ ያድላል፤ ሳይጠጣ ማጭድ የሚያነሳ የለም። ራስ ለሚያመው ግንባሩን ይቀቡታል። አንዱ እግሩን እሾህ ወግቶት አጥቦበታል። ሌላው እባብ እንዳይገባ ብሎ የመኝታውን ዙሪያ ረጭቶበታል።

«ግን ማን ነው መድኃኒት ነው ያላችሁ?»

ሰውዬው አዘነልኝ። «ማን ይነግረናል? አፍ የለንም እንዴ? እንዲህ የመረረ ነገር ሰው ይጫወትበት ብሎ የሚሠራ አለ? የወባው ኪኒን ይመራል፣ ኮሶውም ይመራል። እትዬ ሚዛን ደግሞ በዋዛ እንዲህ አያመሩም። ስለ ድሃው አስበው ነው አልን።» ውሃውን ጨርሶ ተነሣ። «የመጣሁት ግን ስለ ጋሻው ነው፤ የአገሬ ልጅ ነው። ትኩሳቱ አልለቀው አለ። ጤና ጣቢያ እንውሰድህ ስንለው ‹ኪኒን እየወሰድኩ ነው› ይለናል። መጠኑን እናብዛለት ወይ ብዬ ልጠይቅዎት ነው።»

እዚያው ትቼው ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ለእትዬ ደብሬና ለአያ ሞላ ነገርኳቸው። ለሁለቱ የነገርኳቸው ግን ግማሹን ነው፦ ሰዉ ቢራውን መድኃኒት አድርጎታል፤ ማቆም አለብን፤ አንድ ሰው ታሞ ተኝቷል።

አያ ሞላ ሣጥኖቹን እያየ «ሰው እየዳነበት?» አለ።

«ማን ዳነ?»

አሰበ። «ያልታመመው ሁሉ።»

እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን አጣፍተው ጃንጥላቸውን አነሡ። «በሕመም አይቀለድም። አንተ፣ ባጃጁን አስነሣ። እኔ ከነገርኳቸው ይሰማሉ፤ ስንቱን ያጎረስኩ ሴት ነኝ።»

ካምፑ ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ የሣር ዳስ ነው። ታስሮ የቆመው ሰሊጥ ዙሪያውን ከቦታል፤ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ጋሻው ዳሱ ሥር ሁለት ጋቢ ደርቦ ተኝቷል። እኛ ከሙቀቱ የተነሣ መተንፈስ አቅቶናል፤ እሱ ይንቀጠቀጣል። የዓይኑ ነጭ ብጫ ሆኗል። ራስጌው ላይ የእኔ ጠርሙስ ቆሟል።

«ተነሥ!» አሉት እትዬ ደብሬ። «ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ!»

«እናታለም» አለ ጋሻው፣ ከንፈሩ እየተጣበቀበት፣ «ገና አልጨረስኩትም እኮ። መድኃኒት ተጀምሮ አይቋረጥም ይላሉ።»

«መድኃኒት አይደለም አልኩህ! ጠላ ነው! ጠላ ከቆርኪ ጋር ነው!» እትዬ ደብሬ ይህን ሲናገሩ ምን ያህል እንዳመማቸው እኔና አያ ሞላ ብቻ ነን የምናውቀው።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። ካቦው፣ ደረቱን የነፋ የወሎ ሰው፣ ፈገግ አለ። «እማማ፣ አንድ ሰው አስፈራርቶዎት ነው። እኛ አንናገርም፣ አይስጉ።»

ወደ ፊት ወጣሁ። ብዙ ሰው ፊት መናገር አልወድም። «ስሙኝ፤ የመረረው በስህተት ነው። ጌሾ አብዝቼበት ነው።»

ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ።

«እትዬ ሚዛን? በስህተት?»

«የሞት ጥሪ የሚያስታርሙት?»

«ገበያ ላይ በአንዲት ፍሬ በርበሬ ሰው የሚያስለቅሱት? ኧረ ሌላ ይፈልጉ!»

አያ ሞላ እንኳ ከኋላዬ «እውነታቸውን ነው፣ አንች አትሳሳችም» ብሎ አንሾካሾከ። በሕይወቴ ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት አመኔታ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ጉድ ቦታ ተሟልቶ መጣልኝ። ጋሻው ደግሞ ክርክሩን ሲሰማ ክንዱን ከጋቢው አውጥቶ ጠርሙሱን ይዳብሳል።

ከዳሱ ጥግ የካምፑ ወጥ ሠሪ ተቀምጣለች። ልጇን ጡት እያስጣለች ኖሮ እሬት ቆርጣ ጣሳ ላይ አኑራለች። ሕፃኗ እሬት የተቀባውን ጡት ነክታ ፊቷን አጨማዳ ታለቅሳለች፤ ትመለሳለች፤ ደግሞ ታለቅሳለች። አየኋት። ሄድኩና «እስቲ ያንን ስጪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«እሬቱን።»

ግራ ተጋብታ አቀበለችኝ። ተመልሼ መሃላቸው ቆምኩ። ነከስኩት። ዝልግልጉ በአገጬ ወረደ። አኘክኩት፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ዳቦ። ሳቁ ቆመ። ካቦው በእኔ ፈንታ ምራቁን ተፋ። አንዱ ፊቱን አዞረ። ሌላው «ኧረ በማርያም፣ ይትፉት!» አለ። ሁለተኛ ገመጥኩ። ሕፃኗ ብቻ ለቅሶዋን አቁማ በአክብሮት ታየኛለች።

ዋጥኩና «አይመረኝም» አልኩ። «ከነሐሴ ወዲህ ምንም አይመረኝም፤ ምንም አይጣፍጠኝም። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ምላሴን ይዞት ሄደ። ያን ቢራ ሁላችሁም ፊት እየዋጥኩ ‹ደህና ነው› ስል የነበረው ሳይሰማኝ ነው። ጌሾውን ያበዛሁት ለወባችሁ አስቤ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ ይሰማኝ ብዬ ነው።»

እትዬ ደብሬን ላያቸው አልደፈርኩም።

ጋሻው በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «እና… ጌሾ ብቻ ነው?»

«ጌሾ ብቻ ነው።»

ጠርሙሱን አየው፤ እኔን አየኝ። «አየ እኔን! ያን ሁሉ መከራ በከንቱ ነዋ የዋጥኩት! ለነፍሴ ብዬ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ይጠጣል?»

ከዚያ ሁሉ በኋላ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ ነኝና አልቻልኩም። «ጥቁሩስ?» አልኩት። «ዋልካ? እሱን ሳልታመም ነው የሠራሁት።»

ጋሻው እትዬ ደብሬን ሰረቅ አድርጎ አያቸው። ትኩሳት ያለበት ሰው ይሉኝታ የለውም። «እሱማ» አለ፣ «ለእናታለም ብለን ነው። ከሰል ከሰል ይላል።»

ማንም አልተቃወመም። ይልቁንም ካቦው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ጋሻውን በጋቢው ጠቅልለው ባጃጁ ላይ አስቀመጡት፤ ካቦው ከጎኑ ገብቶ ደገፈው፤ አያ ሞላም አስነሣና ወደ ጤና ጣቢያው ነዳው። (ጋሻው ድኗል። ስለ እሱ አታስቡ።) ለእኔና ለእትዬ ደብሬ ቦታ ስላልነበረ እስከ ዋናው መንገድ በእግራችን ሄደን፣ አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠን የሚያልፍ መኪና መጠበቅ ጀመርን። አንድ ሰሊጥ የጫነ መኪና አለፈ፤ አቧራውን አልብሶን ሄደ።

«ከነሐሴ?» አሉ እትዬ ደብሬ።

«ከነሐሴ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፋብሪካው ይዘጋል ብዬ።»

«ይዘጋላ» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ ሰማይ አይቶ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነበር ያሉት። ሌላ ነገር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላቸውን አራገፉ፤ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ። ከዚያ ግንባራቸው ቀስ እያለ ሲኮማተር አየሁ።

«ቆይ እስቲ። እንቁጣጣሽ ከነሐሴ በኋላ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሠርቼልሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ሽንኩርቱን ስከትፍ ዓይኔ ሊፈስ ነበር። ቅቤውን ከደጋ ነው ያስመጣሁት። እኔ በስኳሬ ምክንያት ሳልነካው አንችን አንችን ሳይ ዋልኩ። ‹እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ዶሮ በልቼ አላውቅም› አልሽኝ። ጣትሽን ላስሽ!»

ያን የላስኩትን ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ።

«ምንም አልተሰማሽም?»

«ምንም፣ እትዬ።»



«ለፋብሪካው እንኳ ይቅር እልሽ ነበር» አሉ።

ጃንጥላቸውን አንሥተው ቆሙ፤ ሌላ ጥላ ፍለጋ ግራ ቀኝ አዩ። እስከ ኮኪት ድረስ ሌላ ዛፍ አልነበረም። ከዚያችው ግራር ማዶ ዞረው፣ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ተቀመጡ።